ሠላሳ አራት ዓመት የዘገየው ክትባት፦ የዓሣ በሽታና የመከላከያ አቅም ጥናት ታሪክ



በግ ወይም ላም ሲታመም እረኛው ያያል። እንስሳው ከመንጋው ይለያል፤ ሣሩን ይተዋል፤ ጆሮውን ይጥላል። ዓሣ ሲታመም ግን ውሃው ይሸፍነዋል። ባለቤቱ ነገር መበላሸቱን የሚረዳው አብዛኛውን ጊዜ ሬሳው በውሃው ላይ ከተንሳፈፈ በኋላ ነው። ከዚህ የተነሣ የዓሣ በሽታ ጥናት ከከብት በሽታ ጥናት ዘግይቶ የተወለደ፣ ከተወለደም በኋላ ለረጅም ዘመን እንደ ታናሽ ወንድም የታየ ሳይንስ ነው። ስለዚህ ሳይንስ ታሪክ እንድናገር ስጋበዝ፣ ሁሉን ከዳር እስከ ዳር ከመተረክ ይልቅ አንድ ጥያቄ ይዤ መምጣትን መረጥሁ።

ጥያቄው ይህ ነው። በ1942 አንድ የካናዳ ባክቴሪያ አጥኚ ዓሣን በምግቡ በኩል መከተብና ከሚገድል በሽታ ማዳን እንደሚቻል በሙከራ አሳይቶ ውጤቱን አሳተመ። ለገበያ እንዲውል በመንግሥት ፈቃድ የተሰጠው የመጀመሪያው የዓሣ ክትባት ግን የወጣው በ1976 ነው። በመካከሉ ሠላሳ አራት ዓመት አለ። ዕውቀቱ በእጅ ሳለ እነዚህ ዓመታት በምን ምክንያት አለፉ? የዘገየበትስ ዋጋ ምን ነበር? (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳስብ።)

ከመሲና እስከ ሙኒክ

የሰውነት መከላከያ አቅም ሳይንስ ከባሕር ጋር ያለው ዝምድና ከብዙዎች ግምት የጠበቀ ነው። በ1882 ሩሲያዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኤሊ ሜችኒኮፍ በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና የባሕር ዳርቻ ተቀምጦ የባሕር ኮከብ እጮችን በአጉሊ መነጽር ይመለከት ነበር። እጮቹ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፉ ናቸው። በአካላቸው ውስጥ እሾህ ሰክቶ አደረና በማግሥቱ ሲያይ፣ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከብበውት አገኘ። ሰውነት ባዕድ ነገርን ፈልጎ የሚከብና የሚውጥ ሠራዊት አለው የሚለው ሐሳብ የተወለደው ከዚህ ነው። ሜችኒኮፍ በዚህ ሥራው በ1908 ከፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተካፈለ። የሰውን ሕክምና የለወጠው ሐሳብ ከሐኪም ቤት ሳይሆን ከባሕር ዳር ተገኘ ማለት ነው። የሚገርመው ሐሳቡ ወደ ሰው ሕክምና በፍጥነት ሲሻገር፣ ወደ ባሕሩ ፍጥረታት ሕክምና ለመመለስ ግን ብዙ ዐሥርት ዓመታት መፍጀቱ ነው።

የዓሣ በሽታ ጥናት መነሻ የሆነው የሌላ ከተማ ታሪክ ነው። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአውሮፓ ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ በኩሬ ማርባት ተስፋፍቶ ነበር። ብዙ ዓሣ በጠባብ ውሃ ሲከማች በሽታም አብሮ ይመጣል። በ1894 ኤመሪክና ቫይበል የተባሉ ሁለት የሙኒክ ተመራማሪዎች በአንድ የትራውት ማርቢያ የተነሣውን እልቂት መርምረው ተጠያቂውን ባክቴሪያ ለዩ። የታመመው ዓሣ በጎኑ ላይ ብጉንጅ የመሰለ እባጭ ያወጣል፤ እባጩ ፈንድቶ ቁስል ይሆናል። በሽታው በሌሎች ቋንቋዎች የተጠራው በዚሁ በብጉንጁ ስም ስለ ሆነ፣ እኔም ዛሬ የብጉንጅ በሽታ እለዋለሁ። ተሐዋሲው ኋላ የተሰጠው የላቲን መጠሪያ ሳልሞኒሲዳ ሲሆን፣ ትርጉሙ ሳልመን ገዳይ ማለት ነው።

በዚያችው ከተማ ብሩኖ ሆፈር በ1904 የዓሣ በሽታዎችን በአንድ ጥራዝ ያሰባሰበ መማሪያ መጽሐፍ አወጣ። የሥራ ባልደረባው የነበረችው ማሪያነ ፕሌን ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የታመሙ ዓሦችን በመመርመር አሳለፈች። ሴቶች በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ልብ በማይገቡበት ዘመን ወደ ዙሪክ ሄዳ የዶክትሬት ዲግሪዋን ያገኘች፣ በ1914 ደግሞ በባቫሪያ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ የተሰጣት የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። በ1924 ያሳተመችው የዓሣ በሽታ መመሪያ ለሚቀጥለው ትውልድ መነሻ ሆኗል። የፕሌን ዘመን ሳይንስ ግን በዋነኛነት የመለየት ሳይንስ ነበር። ተሐዋሲውን መሳል፣ መሰየም፣ የታመመውን አካል መግለጽ ይችላል፤ ዓሣውን ማዳን ግን ገና አልቻለም።

ሕግና ተስፋ

የብጉንጅ በሽታ በማርቢያ ኩሬዎች ተወስኖ አልቀረም። በወንዞችም ታየ፤ በብሪታንያ የሳልመን ወንዞች ላይ ያደረሰው ጉዳት ደግሞ መንግሥትን አሳሰበ። የባክቴሪያ ሊቃውንት የተካተቱበት ኮሚቴ ተቋቁሞ በ1930፣ በ1933 እና በ1935 ሦስት ዘገባዎችን አቀረበ። የጥናቱ ፍሬ በ1937 የወጣው የዓሣ በሽታዎች ሕግ ነው። ሕጉ የሳልመን ወገን የሆኑ ዓሦች በሕይወት ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ፤ በበሽታው የተያዙ ውሃዎችንም በቁጥጥር ሥር የማድረግ ሥልጣን ሰጠ። በሽታን በድንበር ማስቆም ቀዳሚውና ዛሬም ያልተሻረው መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ሕግ በሽታ ያልገባበትን ውሃ እንጂ አንድ ጊዜ የገባበትን አይፈውስም።

በዚያው ዐሥርት መጨረሻ ሌላ መንገድ መታየት ጀመረ። በፖላንድ፣ በክራኮቭ ከተማ፣ ስታኒስላቭ ስኒዬሽኮና ባልደረቦቹ በ1938 ካርፕ የተባለውን ዓሣ በባክቴሪያ ከትበው የመቋቋም አቅም እንዳገኘ ዘገቡ። ስኒዬሽኮ ብዙም ሳይቆይ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ኋላም በዌስት ቨርጂኒያ፣ በሊታውን የሚገኘውን የፌዴራል መንግሥት የዓሣ በሽታ ላቦራቶሪ መርቶ የዘርፉ አባት ለመባል በቃ።

በ1942 ደግሞ የካናዳው ዲ. ሲ. ቢ. ደፍ ሥራውን አሳተመ። ደፍ የብጉንጅ በሽታን ባክቴሪያ በክሎሮፎርም ከገደለ በኋላ ለሁለት ወራት ያህል ከምግብ ጋር ቀላቅሎ ለትራውቶች አበላ። ከዚያም የተከተቡትንና ያልተከተቡትን ለሕያው ባክቴሪያ አጋለጣቸው። ካልተከተቡት መካከል የሞቱት እጅግ በልጠው ተገኙ። በመርፌ አንድ በአንድ መውጋት ሳያስፈልግ፣ በምግብ ብቻ፣ በሺህ የሚቆጠር ዓሣን መጠበቅ ይቻል ይሆናል የሚል ተስፋ በዚህ ሥራ ተዘራ።

የመድኃኒት ዘመን

ታዲያ ተስፋው ለምን ሳይበቅል ቀረ? ቀላሉ መልስ ደፍ ተረሳ ማለት ነው፤ ነገር ግን አልተረሳም፤ ከእርሱ በኋላ የጻፉት ይጠቅሱታል። እውነተኛው መልስ ሌላ ነገር ቀድሞ መድረሱ ነው። ያ ዘመን የሰልፋ መድኃኒቶችና የፔኒሲሊን ዘመን ነበር። በ1946 ጄምስ ገትሰል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የሰልፋ መድኃኒትን ከምግብ ጋር በመስጠት በብጉንጅ በሽታ የተያዙ ትራውቶችን ማዳን እንደሚቻል አሳወቀ። በ1949 ስኒዬሽኮ ራሱ ከአንድ ባልደረባው ጋር ሁለቱን መንገዶች፣ በአፍ የሚሰጠውን ክትባትና ሰልፋውን፣ በአንድነት ፈተነ። መድኃኒቱ ሠራ፤ ክትባቱ አልሠራም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት የካርፕን የመቋቋም አቅም የመሰከረው ሰው ለመድኃኒቱ ማስረጃ ሲያቀርብ ስናይ ልንወቅሰው አይገባም። ሳይንቲስት ያገኘውን ውጤት ይናገራል።

ይሁንና የታሪክ ጸሐፊ አንድ ነገር ማስተዋል ይኖርበታል። መድኃኒትና ክትባት በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ ነገሮች አይደሉም። መድኃኒት በታመመው ዓሣ ላይ ይሠራል፤ ትናንት ሲሞት የነበረው ዛሬ ሲዋኝ ባለቤቱ በዓይኑ ያያል። ክትባት ግን ሥራው ሲሰምር ምንም ነገር አይታይም፤ ሳይመጣ የቀረ በሽታ ምስክር የለውም። በአገራችን «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ሲባል የማይስማማ የለም፤ ገንዘቡና ትኩረቱ ግን ማቀቁን ተከትሎ ይሄዳል። ኦክሲቴትራሳይክሊንን የመሳሰሉ አንቲባዮቲኮች በተከታታይ ሲመጡ ከዓሣ መኖ ጋር መቀላቀል የተለመደ አሠራር ሆነ። ርካሽና ፈጣን መፍትሔ በእጅ ሳለ ቀርፋፋውንና አስቸጋሪውን የሚጠይቅ አልነበረም። ሠላሳ አራቱን ዓመታት ከበሉት ነገሮች አንደኛው ይህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የዓሣውን ሰውነት አለማወቅ ነው።

የዓሣ ሰውነት እንዴት ይዋጋል

ደፍ ክትባቱን ሲሰጥ በዓሣው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዓሣ እንደ እኛ መቅኔ ውስጥ የደም ሴል አያመርትም፤ እንደ እኛ የሊምፍ ዕጢም የለውም። ይህን ያዩ አንዳንዶች የመከላከያ አቅሙ እዚህ ግባ የማይባል መስሏቸው ነበር። በስድሳዎቹና በሰባዎቹ የተካሄዱ ጥናቶች ግን ሌላ አሳዩ። የዓሣ ኩላሊት የፊተኛው ክፍል፣ ሽንት ማጣራቱን ትቶ፣ የደም ሴሎችና ፀረ እንግዳ አካላት የሚመረቱበት ስፍራ ነው። ጣፊያውና ታይመስ የተባለው ዕጢም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በደሙ ውስጥ የሚዘዋወረው ዋነኛ ፀረ እንግዳ አካል በሰው ዘንድ ለበሽታ ቀድሞ የሚደርሰው የአይ ጂ ኤም ዓይነት ነው።

ሁለት ነገሮች ግን ከእኛ ይለዩታል። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። የዓሣ ሰውነት ሙቀት የውሃው ሙቀት ነው። በሞቀ ውሃ ፀረ እንግዳ አካል ለማምረት የጥቂት ሳምንታት ጉዳይ የሆነው፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ ወራት ሊወስድ ይችላል። አንዱ ተመራማሪ በበጋ ያገኘውን ውጤት ሌላው በክረምት ሲያጣው፣ ስሕተቱ የማንም ሳይሆን የውሃው ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት ጊዜ ፈጀ። ሁለተኛው ልጋጉ ነው። ዓሣ ስንይዘው የሚያዳልጠን ያ ሽፋን የመጀመሪያው የመከላከያ ምሽግ ነው። ተሐዋሲን የሚያጣብቅ፣ የሚያሟሟና የሚገድል ንጥረ ነገር ሁሉ በውስጡ አለ። ቆዳው፣ ስንጥቡና አንጀቱ ዘወትር ከውሃው ጋር ፊት ለፊት ናቸውና ጦርነቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በዚያ ነው። ለዚህ ግንባር የተመደበ ልዩ ፀረ እንግዳ አካል መኖሩ የታወቀው ገና በ2005 ሲሆን፣ በትራውት አንጀት የሚሠራው ሥራ በግልጽ የታየው በ2010 ነው። ደፍ በምግብ በኩል የጀመረውን መንገድ በትክክል ለመገምገም የሚያስችለው ዕውቀት ከእርሱ ጽሑፍ ከስድሳ ዓመታት በኋላ መጣ ማለት ነው።

ስኒዬሽኮ በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ሁሉ በሦስት እርስ በርስ በሚነካኩ ክቦች ገለጸው። አንደኛው ክብ ዓሣው፣ ሁለተኛው ተሐዋሲው፣ ሦስተኛው አካባቢው ነው። በሽታ የሚነሣው ሦስቱ በተደራረቡበት ስፍራ ነው። ተሐዋሲው በውሃው ውስጥ ዘወትር ሊኖር ይችላል፤ ዓሣው ሲጨናነቅ፣ ኦክስጅን ሲያንስ፣ ሙቀቱ ድንገት ሲለወጥ ግን ሚዛኑ ይናጋል። ይህ ሥዕል ዛሬም የዓሣ ጤና ትምህርት ሲጀመር በሰሌዳ ላይ የሚሣለው ነው።

የ1976 በር

በመጨረሻ በሩን የከፈተው ከአይዳሆ የትራውት ማርቢያዎች የተነሣ በሽታ ነው። የዓሣውን አፍና ጉሮሮ ደም የሚያስመስል በመሆኑ ቀይ አፍ የሚል ስም የወጣለት ይህ በሽታ ከአምሳዎቹ ጀምሮ አርቢዎችን ሲያስመርር ቆይቷል። መንሥኤው ባክቴሪያ ደግሞ ለተመራማሪዎች የታደለ ነበር፤ ተገድሎ እንኳ የዓሣውን የመከላከያ አቅም በደንብ ይቀሰቅሳል። የቀረው ችግር አሰጣጡ ነበር። እንደ ጣት ያነሰ ጫጩት በመርፌ መውጋት፣ ያውም በመቶ ሺህ የሚቆጠር፣ አይታሰብም።

በ1976 አሜንድና ፌንደር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ትራውትን በጨዋማ ድብልቅ ውስጥ በመንከር ፕሮቲን ከውሃው ወደ ሰውነቱ እንዲገባ ማድረግ እንደሚቻል አሳተሙ። ኋላ እንደ ታወቀው ጨዉ እንኳ የግድ አልነበረም፤ ጫጩቶችን ክትባት በያዘ ውሃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ መንከር ይበቃል። በዚያው ዓመት የቀይ አፍ በሽታ ክትባት በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። በባሕር ዳርቻ ማርቢያዎች ሳልመንን የሚፈጀውን ቪብሪዮ የተባለ ባክቴሪያ የሚከላከለው ክትባትም ተከተለ። ደፍ ያሰበው ነገር፣ ማለትም ያለ መርፌ ብዙ ዓሣን በአንድ ጊዜ መጠበቅ፣ በሌላ መንገድ ተፈጸመ።

የኖርዌይ ፈተና

አንድ ነገር ስለ ተቻለ ብቻ ሥራ ላይ አይውልም። ክትባት ከላቦራቶሪና ከጥቂት ማርቢያዎች ወጥቶ የአንድ አገር ሥርዓት ለመሆን መከራ አስፈለገው። መከራው የመጣው በኖርዌይ ነው።

በ1970 ኦቬና ሲቨርት ግሮንትቬት የተባሉ ወንድማማቾች በሂትራ ደሴት ዙሪያ ሳልመንን በባሕር ላይ በተንሳፈፈ የመረብ በረት ውስጥ ማርባት ጀመሩ። ሥራቸው ተሳካ፤ ዳርቻው በመረብ በረቶች ተሞላ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ በዚያችው ደሴት አካባቢ ሳልመኖች በክረምት ማለቅ ጀመሩ። የውስጥ አካላቸው ደም ይፈሳል፤ ደማቸው ይከሳል። በሽታው በደሴቲቱ ስም የሂትራ በሽታ ተባለ።

ስለ መንሥኤው ብርቱ ክርክር ተነሣ። ከፊሉ ወገን የምግብ ጉድለትና የአካባቢ ጫና ነው አለ። በበርገን የባሕር ምርምር ተቋም ትሠራ የነበረችው ኤሚ ኤጊዲዩስና ባልደረቦቿ ግን ከታመሙት ዓሦች አንድ ባክቴሪያ ለዩ። ይህ ባክቴሪያ በቀዝቃዛ ውሃ የሚስማማው፣ የዓሣው መከላከያ በብርድ በሚዝልበት ወቅት የሚበረታ ነበር። በ1986 እንደ አዲስ ዝርያ ገልጸው፣ ያንኑ የሳልመን ገዳይ የሚል ቅጽል ጨምረው ሰየሙት። ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አልነበረም። መንሥኤው ምግብ ከሆነ መፍትሔው መኖ ነው፤ መንሥኤው ባክቴሪያ ከሆነ ግን ክትባት ሊሠራለት ይችላል። ክትባቱም ተሠርቶ በሰማንያዎቹ ማብቂያ ሥራ ላይ ዋለ፤ በሽታውም ከዳርቻው ሊጠፋ ደረሰ።

እፎይታው ግን አልዘለቀም። በ1985 ከስኮትላንድ ከመጡ የሳልመን ጫጩቶች ጋር ያ የጥንቱ የብጉንጅ በሽታ ገባ። የብሪታንያ ሕግ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የፈራው ይኸው ነበር፤ የታመመ ዓሣ በሕይወት ድንበር ሲሻገር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታው በመቶ የሚቆጠሩ ማርቢያዎችን አዳረሰ። አርቢዎች በእጃቸው ያለውን ያዙ፤ እርሱም አንቲባዮቲክ ነው። በ1987 በኖርዌይ የዓሣ ርባታ ላይ የዋለው አንቲባዮቲክ 48 ቶን ገደማ ደረሰ። የዚያ ዓመት የሳልመን ምርት 50 ሺህ ቶን ያህል ነበርና፣ ለእያንዳንዱ ቶን ዓሣ አንድ ኪሎ መድኃኒት ማለት ነው። ዓሦቹ ያልበሉት መኖ ከበረቱ ሥር ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል፤ መድኃኒቱም በደለሉ ውስጥ ይቆያል። ባክቴሪያዎቹም መድኃኒቱን መልመድ ጀመሩ። በ1946 ነፃ አውጪ የነበረው መፍትሔ ከአርባ ዓመት በኋላ ራሱ ችግር ሆነ።

ለብጉንጅ በሽታ በውሃ የተበጠበጡት የመጀመሪያዎቹ ክትባቶች በቂ አልነበሩም። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የሞተውን ባክቴሪያ ከዘይት ጋር አዋሕዶ በዓሣው ሆድ ውስጥ በመርፌ መስጠት ተጀመረ። ዘይቱ ክትባቱን ይዞ ስለሚቆይ ሰውነት ለወራት እንዲነቃቃ ያደርጋል። እያንዳንዱ ጫጩት ደንዝዞ፣ በእጅ ተይዞ ተወጋ፤ አይታሰብም የተባለው ነገር፣ ጥፋቱ ከድካሙ በልጦ ሲገኝ፣ ታሰበ። ውጤቱ በዘርፉ ታሪክ ወደር የለውም። በዘጠናዎቹ አጋማሽ የአንቲባዮቲኩ መጠን ወደ አንድ ቶን ገደማ ወረደ፤ ምርቱ ግን ማደጉን ቀጠለ። ዛሬ የኖርዌይ የሳልመን ምርት በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ሲሆን፣ የሚውለው አንቲባዮቲክ በአብዛኞቹ ዓመታት አንድ ቶን አይሞላም።

ይህን ስናገር ለክትባት ብቻ ምስጋና መስጠት የታሪክ ጉድለት ይሆናል። በዚያው ወቅት የአንድ ዓመት ትውልድ ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል ተደረገ፤ ማርቢያዎች ተራራቁ፤ የባሕሩ ወለል እንዲያርፍ በረቶች በየተራ ባዶ ሆኑ፤ መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ብቻ እንዲሰጥ ቁጥጥሩ ጠበቀ። ከስኒዬሽኮ ሦስት ክቦች አንዱን ብቻ ሳይሆን ሦስቱንም ነኩ።

ዋጋውና ወሰኑ

ስኬቱን ብቻ ተናግሬ ብቀመጥ ግማሽ ታሪክ ይሆናል። በዘይት የተሠራው ክትባት ለዓሣው ያለ ዋጋ አልመጣም። በመርፌው ቦታ ዙሪያ የሆድ ዕቃው እርስ በርስ ይጣበቃል፤ ጥቁር ጠባሳም ይቀራል። የኖርዌይ ተመራማሪዎች ጉዳቱን ከዜሮ እስከ ስድስት የሚለካ መስፈሪያ አወጡ፤ ክትባት አምራቾችም የዘይቱን መጠን እንዲቀንሱ ግፊት ተፈጠረ። የሚጠበቀው እንስሳ ሕመም ሊቆጠር እንደሚገባ የተማርነው ከዚህ ነው።

ክትባት የማይደርስባቸው ጠላቶችም አሉ። የሳልመንን ቆዳ የሚበላው የባሕር ቅማል እስከ ዛሬ ድረስ የኖርዌይን አርቢዎች የሚያስጨንቅ ነው። በቺሊ ከ1989 ጀምሮ የታየው ሌላ በሽታ መንሥኤ በዓሣው ሴሎች ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ለዚህ በሽታ ክትባቶች ቢኖሩም ጥበቃቸው አጭር ስለሆነ፣ የአገሪቱ አርቢዎች በየዓመቱ በመቶ በሚቆጠር ቶን አንቲባዮቲክ ሲጠቀሙ ኖረዋል። በ2007 ደግሞ የሳልመንን ደም የሚያከሳ ቫይረስ በቺሊ ተከሥቶ የአትላንቲክ ሳልመን ምርቱን በጥቂት ዓመታት ከግማሽ በታች አወረደው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም እንጀራቸውን አጡ። አንድ ዓይነት ዓሣ፣ አንድ ዓይነት በረት፣ ሁለት የተለያዩ ታሪኮች።

ተፈጥሮም ትሑት ያደርገናል። በ2011 የኮድ ዓሣ ሙሉ የዘር መዝገብ ሲነበብ፣ ባክቴሪያን ለመለየትና ፀረ እንግዳ አካል ለማዘጋጀት የግድ አስፈላጊ ነው ይባል የነበረው የጂኖች ክፍል ጭራሽ እንደሌለው ታወቀ። ኮድ ግን በሰሜን አትላንቲክ ለሚሊዮን ዓመታት ኖሯል፤ ሲከተብም ከቪብሪዮ ይጠበቃል። አንድ ፍጡር የሚታመንበት መሣሪያ ሲጎድለው በሌላ መንገድ ጦርነቱን እንደሚያሸንፍ አሳየን።

ወደ እኛ ውሃ

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ቀዝቃዛ ባሕር ዓሦች ነው። እኛ ባሕር በር የለንም፤ ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳና ጫሞ ግን አሉን። በእነዚህ ሐይቆች የምናጠምደው ቆሮሶ፣ ዓለም ቲላፒያ የሚለው፣ የተፈጥሮ መኖሪያው ከሆኑት አገሮች አንዷ የእኛ ናት። ዛሬ ይህ ዓሣ ከእስያ እስከ ላቲን አሜሪካ ይረባል። በእስራኤል በገሊላ ባሕር ከ2009 ጀምሮ የቲላፒያ ቁጥር መመናመኑ ሲጠና፣ ቀድሞ የማይታወቅ ቫይረስ ተገኝቶ በ2014 ለዓለም ተገለጸ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ታይቷል። ሳልመን ከስኮትላንድ ወደ ኖርዌይ በሽታ ይዞ እንደ ተሻገረ ሁሉ፣ የቲላፒያም ጫጩት በዓለም ዙሪያ ይሸጣል፤ ይለወጣል።

ስለዚህ ከሠላሳ አራቱ ዓመታት የምንወስደው ትምህርት ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አንደኛ፣ ጫጩት ከየትም ከማስመጣታችን በፊት የ1937ቱ ሕግ የጠየቀውን እንጠይቅ፤ ከየት መጣ? ማን መረመረው? ሁለተኛ፣ የዓሣ ርባታችን ገና ትንሽ ሳለ መድኃኒትን በመኖ የመቀላቀል ልማድ እንዳይያዝ ማድረግ ይቀላል። ኖርዌይ ልማዱን ከያዘች በኋላ ለማስተው ምን ያህል እንደ ደከመች አይተናል። ሦስተኛው በተለይ ለተማሪዎቻችን ነው። ጤናማው ቆሮሶ ምን እንደሚመስል ገና ሳይታመም እንጻፍ፤ የደሙን ሴሎች፣ የጣፊያውን መጠን፣ በየወራቱ በልጋጉ ላይ የሚኖሩትን ተሐዋስያን። ማሪያነ ፕሌን ዕድሜዋን የፈጀችበት ሥራ ይህ ነበር፤ ብዙዎች አሰልቺ ይሉታል። ነገር ግን ደፍ ክትባቱን ሲሠራ የጎደለው ሌላ ነገር አልነበረም፤ ጤናማው ዓሣ በውስጡ ምን እንደሚሠራ የሚነግረው ሰው ነው።

በመግቢያዬ ዓሣ ሲታመም ውሃው ይሸፍነዋል ብዬ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የተደከመው ያን ሽፋን ለመግለጥ ነው። በእኛ ሐይቆች ላይ ይህ ሥራ ገና በጅምር ላይ ነው፤ የሚሠራውም እዚህ አዳራሽ ውስጥ በተቀመጣችሁት በእናንተ ነው።